የሚወጋ የጠፋለት መርፌ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ ወደ ደብረ ኤልያስ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ከጎኔ የተቀመጡ እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፌስታል እየፈቱ ደጋግመው ያዩ ነበር። ውስጡ ሦስት ብልቃጥ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን፣ ሦስት ስሪንጅና ጠርዙ የተበላ የቀጠሮ ካርድ አለ። መድኃኒቱ የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ነው። ሐኪሙ በየ28 ቀኑ እንድትወጋ አዝዟል፤ በአካባቢያቸው ያለው ጤና ጣቢያ ግን አይወጋላትም።

«መድኃኒቱ ይኸው፤ ብሩንም ከፍያለሁ። የሚወጋልኝ ነው ያጣሁት» አሉኝ። «ልጅሽ የልብ ሕመምተኛ ናት፣ እጃችን ላይ ብትሞት ማን ይጠየቃል ይሉኛል። እኔ ቤት ብትሞትስ፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ ማን ይጠየቃል?»

ጥያቄው አልለቀቀኝም። ስለ ልብ ሕመም በሬዲዮ ሲወራ ጮማና ጨው፣ ሲጋራና መቀመጥ ማብዛት ይነሣሉ። ለብዙ የከተማ ሰው ትክክል ነው። የዚህች ልጅ ልብ ግን የተጎዳው በጉሮሮዋ በኩል ነው። እናትየዋ ታሪኩን ሲነግሩኝ ሐኪሞች ከመጽሐፍ የሚያነቡትን ነገር አንድ በአንድ እየዘረዘሩልኝ እንደሆነ አላወቁም፦

«ጉሮሮዋን አመማት። እንጥሏ ወርዷል ተብሎ አስቆረጥናት። ሰንበት ብሎ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲለቃት ወደ ክርኗ ሄደ፣ ክርኗ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ቁርጥማት ነው ብለን ጠበል ወሰድናት። ዳነች፣ እልል አልን። በሁለተኛው ዓመት እንስራ አዝላ አቀበቱን መውጣት አቃታት። ሌሊት ተጋድማ መተኛት አትችልም፤ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ይነጋል።»

እኛ በጥቅሉ ቶንሲል ከምንለው የጉሮሮ ሕመም አንዱን የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ሰውነት እሱን ለመዋጋት የሚያመርተው መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ይሳሳትና የራሳቸውን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ (የደም ማለፊያውን በር) ያጠቃል፤ ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። መገጣጠሚያው ይድናል። ቫልቩ ግን ጠባሳ ይይዛል፤ ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ጠባሳው ይወፍራል፣ በሩ ይጠባል ወይም መግጠም ያቅተዋል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢሰጥ ግን ነገሩ ከሥሩ ሊቀር ይችል ነበር። ያ ካለፈ ደግሞ ጉሮሮው ዳግም በባክቴሪያው እንዳይጠቃ በየወሩ መወጋት አለ። ሕመምተኞቹ የወር መርፌ ይሉታል።

ይህን ሳነብ አንድ የቆየ ጥናት ሳበኝ። እ.ኤ.አ. በ1949 እና 1950 አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ፎርት ዋረን በተባለ የአየር ኃይል ጣቢያ፣ በአንድ መኝታ ቤት የታጨቁ ወጣት ምልምሎች ጉሮሯቸውን እየታመሙ ይወድቁ ነበር። ቻርልስ ራምልካምፕና ባልደረቦቹ ለአንዱ ወገን ፔኒሲሊን ሰጡ፣ ሌላውን እንዲሁ ተከታተሉ። ፔኒሲሊን ካገኙት 798 ሰዎች የሩማቲክ ትኩሳት የያዛቸው 2 ናቸው፤ ካላገኙት 804 ሰዎች ግን 17። እዚያው የተደረገ ሌላ ክትትል አልጋው ባክቴሪያውን ወደተሸከመ ሰው አልጋ በቀረበ ቁጥር የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳየ። ደብረ ኤልያስን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚታየው የቅኔ ተማሪው ጎጆ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደበትና ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ይህ አገር ተማሪውን በጠባብ ጎጆ ጎን ለጎን አስተኝቶ ሲያስተምር የኖረ ነው። የገበሬውም ቤት ቢሆን ስድስትና ሰባት ነፍስ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚያድርበት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው የመነመነው በመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የቤቱ መስፋትና የኑሮው መሻሻል አስቀድሞ ጀምሮት ነበር።

የተበላሸ ቫልቭ ስለሚጠገንበት ቀዶ ሕክምናም ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1925 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሱታር የተባለ ቀዶ ሐኪም በዚሁ በሽታ ቫልቧ የተበላሸ ወጣት ልጅ ደረት ከፍቶ ጣቱን ወደሚመታው ልብ አስገባና ቫልቩን አላቀቀ። ልጅቱ ተረፈች። ይሁንና ሌሎች ሐኪሞች ዳግመኛ እንዲህ ያለ ታካሚ አልላኩለትም፤ ልብ እንዲህ አይነካም ብለው ፈሩ። ሥራው ተመልሶ ሥር የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1948 ወዲህ ነው። በመካከሉ ባሉት ከሃያ በላይ ዓመታት ስንት ሰው እንደሞተ ሳስብ፣ ሱታር በጣቱ መንገዱን አሳይቶ ሳለ የሐኪሞቹ ፍርሃት ያስከፈለው ዋጋ ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ የጠበበውን ቫልቭ መክፈት እንደሚቻል አሳየ።

እኛ ዘንድ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚረዳውን ድርጅት በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አቋቁመው ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላኩ ሲያሳክሙ ቆዩ። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማዕከሉ ተከፈተ። ከባለሀብት እስከ ተማሪ ብዙ ሰው ያዋጣበት ነው። ወረፋው ግን በሺዎች ይቆጠራል፤ ከደብረ ኤልያስ ለሚነሣ ሰው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መክረም ይጠይቃል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው በእጅ ያለው ሕክምና ያ ብልቃጥ ነው።

ስሙን እንዳልጠቅስ የለመነኝ ነርስ ብልቃጡን ለምን እንደሚፈራው ነገረኝ። «አንድ ወጣት በየወሩ እየመጣ ይወጋ ነበር። እግሩ አብጧል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ግን ቀጠሮው ነውና ወጋሁት። ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ። አባትየው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ብልቃጥ የያዘ ሰው ሲመጣ የምጽፈው ሪፈር ነው።» በዚህ ነርስ ለመፍረድ አልደፍርም። የሆነውን ብቻውን ተሸክሞታል፤ የሆነበትን ምክንያት ያስረዳው ሰው የለም።

ማስረዳት ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በ11 አገሮች የተደረገ ጥናት 1,790 ሕመምተኞች የወሰዱትን 32,430 መርፌ ተከታትሎ ነበር። ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ የታየው 4 ጊዜ፣ የሞተውም አንድ ሰው ነው። ሟቿ ቫልቧ ክፉኛ የተጎዳ ታዳጊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከመርፌው በኋላ የደረሱ ሞቶችን መርምሮ ምክሩን አወጣ። ብዙዎቹ ሞቶች አለርጂ አይመስሉም። ሕመሙና ድንጋጤው የደም ግፊትን ድንገት ሲጥለው የጤነኛ ሰው ልብ ይቋቋመዋል፤ ቫልቩ እጅግ የጠበበ ወይም የደከመ ልብ ግን አይቋቋመውም። ስለዚህ ምክሩ ሕመምተኞችን ለሁለት ይከፍላል። ቫልቫቸው በከባዱ የጠበበ ወይም የሚያፈስ፣ ልባቸው የደከመ፣ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች መርፌው ይቅርባቸውና የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይውሰዱ። የቀሩት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ይወጉ፤ ግን ምግብ በልተው፣ ውኃ በደንብ ጠጥተው፣ በጀርባቸው ወይም በሆዳቸው ተኝተው፣ ሕመሙ በተቻለ መጠን ቀንሶላቸው።

በጾም ቀን ከንጋት ጀምሮ በእግር ተጉዞ፣ ምንም ሳይቀምስ ደርሶ፣ ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወጋ ልጅ በገጠራችን ብርቅ አይደለም። እናትየዋን ጠየቅኋቸው። «ሳትበላ ነዋ የምወስዳት፤ ለሕክምና ሲኬድ ይበላል እንዴ? ደም ይቀዱ እንደሆን ብዬ» አሉኝ። በልታ መወጋት እንዳለባት የነገራቸው አልነበረም።

መርፌው ይህን ሁሉ ድካም የሚያስከፍለው ለከንቱ አይደለም። በሰሜን ኡጋንዳ፣ ጉሉ አካባቢ፣ ከ100,000 በላይ ልጆች በልብ አልትራሳውንድ ታይተው ነበር። ምንም ሳይሰማቸው በቫልቫቸው ላይ የበሽታው ምልክት ከተገኘባቸው መካከል 818ቱ በጥናቱ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ እንደተገለጸው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የወር መርፌ ከወሰዱት በሽታው የባሰባቸው 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። በአገራችን ጅማ ከ2,000 ተማሪዎች መካከል በተደረገ ተመሳሳይ ምርመራ ከ1,000 ልጅ 31ዱ ላይ ምልክቱ ተገኝቷል። ኢትዮጵያ በተካፈለችበትና 14 አገሮችን ባካተተው የ3,343 ሕመምተኞች ክትትል ደግሞ በሁለት ዓመት 16.9 በመቶው ሞተዋል። የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ ሠላሳ አልሞላም።

ሌላው ግኝት ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው። የልብ ምታቸው ለተዛባ ታካሚዎች ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይሰጣል፤ ይህ ግን በየጊዜው የደም ምርመራ ይሻል። ምርመራ የማይሻው ሪቫሮክሳባን ይተካዋል ተብሎ በ24 አገሮች ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት የተጠበቀውን ገለበጠው፤ ከ2,275 የሪቫሮክሳባን ተጠቃሚዎች 560፣ ከ2,256 የነባሩ መድኃኒት ተጠቃሚዎች 446 ሰዎች ለስትሮክ፣ ለሞት ወይም ለተመሳሳይ ጉዳት ተዳረጉ። የገጠሩ ሰው ለምርመራው መመላለሱን ይቀጥላል ማለት ነው።

መመላለሱ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው በዘለቀው ግጭት ብሷል። «መንገድ ሲዘጋ ቀኑ ያልፋል» ይላሉ እናትየዋ። «ሃያ ስምንት ቀን አሉኝ፤ እኔ አርባ ስድስትም ቆጥሬ አውቃለሁ። በየማታው አንገቷን እዳብሳለሁ፣ ጉሮሮሽን አመመሽ ወይ እላታለሁ። አላመመኝም ትለኛለች። እንዳልጨነቅ ብላ ትዋሸኝ ይሆን እላለሁ።» ልጅቷ ጥቂት ዓመት ቆይታ ስታገባ ሌላ አደጋ ይጠብቃታል። በእርግዝና ጊዜ ልብ የሚገፋው ደም በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የጠበበ ቫልቭ መኖሩ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ይህን በሽታ ለማጥፋት የተቀበሉት ሰነድ የአዲስ አበባን ስም ይዟል፤ የሕመምተኞች መዝገብ እንዲኖርና ፔኒሲሊን እንዳይጠፋ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ የራሱን ውሳኔ አሳለፈ፤ በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ጤና ጣቢያ የደረሰ ነገር አለ ወይ ብዬ አንድ የጤና ኃላፊን ጠየቅሁ። በደብዳቤ አቅርብ አሉኝ። አቀረብሁ። የወር መርፌን የሚከለክል ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን፣ የሚዋጠው ፔኒሲሊን ለከባድ ታካሚዎች ይቀርብ እንደሆነ ጽፌ ነበር። መልስ አልመጣም፤ ስልክም አላነሡም።

ነርሱ የሚጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ዛሬ በካርዱ ላይ ተጽፎ የሚደርሰው የመድኃኒቱ ስምና ቀኑ ብቻ ነው፤ የታካሚው ቫልቭ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚናገር ነገር የለበትም። «ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያነሳው ሐኪም ከባድ ነው አይደለም ብሎ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ከባድ ካልሆነ አስተኝቼ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ለአለርጂው አድሬናሊን አጠገቤ አድርጌ እወጋለሁ። ከባድ ከሆነ ክኒኑን ይላኩልኝ።»