ስለ ማዕድ መጠንና ስለ እግር ሥራ

ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፥ በሬዎቹን ጠምዶ፥ እርፍ ጨብጦ ትልም ሲያወጣ የሚውለው ገበሬ፥ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለት እንጀራ ከነወጡ ቢበላና በላዩም አንድ ዋንጫ ጠላ ቢጨምር፥ የበላው ሁሉ በማግስቱ በእግሩና በክንዱ ሥራ ስለሚያልቅ፥ ማንም ሐኪም «አበዛህ» ብሎ ሊገሥጸው አይደፍርም። የዚሁ ገበሬ የልጅ ልጅ ግን ዛሬ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ውሎ፥ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ቢሮው ደጃፍ በታክሲ ተመላልሶ፥ ወደ ላይኛው ፎቅም በአሳንሰር ወጥቶና ወርዶ ሲያበቃ፥ ማታ የሚቀርብለት ማዕድ ያው የአያቱ ማዕድ ነው፤ እንዲያውም ዘይቱ በዝቶ፥ ስኳሩ ተጨምሮ፥ ጎመኑ ተቀንሶ ይቀርብለታል። ለሩቅ መንገድ የተሰፈረላትን ገብስ እየበላች ከጋጣ ሳትወጣ የምትከርም በቅሎ ምን እንደምትሆን ባላገር ሁሉ ያውቃል፤ የተማረው ሰው ግን ይህንኑ ነገር በራሱ ሥጋ ላይ ሲፈጸም እያየ አያስተውለውም።

ጤናማ ኑሮ ልጀምር ብሎ የቈረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው የአያቶቹን ገበታ በመውቀስ ነው፤ እንጀራ ያወፍራል፥ ሽሮ ሆድ ይነፋል ይልና፥ ዋጋው የከበደ፥ ስሙም ለአፍ የሚያስቸግር የባሕር ማዶ ምግብ ፍለጋ ይወጣል፤ ሁለት ሳምንት ከታገሠ በኋላም ኪሱ ሳስቶ፥ ምላሱም ሰልችቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እኔ ግን ገበታው አልበደለም እላለሁ። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ገለፈቱ ተለይቶ ሊወጣለት ስለማይችል፥ ከነሁለንተናው የሚፈጭ እህል ነው፤ ስለዚህም ፉርኖ ዱቄት በወፍጮው ያጣውን አሰርና ማዕድን ይዞ ይገኛል። ምስር፥ ባቄላ፥ አተርና ሽምብራ ለሥጋ መገንቢያ የሚሆነውን ፕሮቲን ያለ ጮማ ይሰጣሉ። (ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ መብላት ግን የአያቶቻችን ጥፋት አይደለም፤ የእኛው ፈጠራ ነው።) የጠፋው ነገር በማዕዱና በእግሩ መካከል የነበረው ስምምነት ነውና፥ ይህን ስምምነት ለመመለስ ከማዕዱ ጥቂት እየቀነሱ፥ በእግሩም ሥራ ላይ ጥቂት እየጨመሩ፥ ከሁለቱም ወገን ቀስ በቀስ መሄድ ይገባል።

እግር ሲቦዝን ልብ እንደሚታመም በቁጥር ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ ጄሪ ሞሪስ የተባለው የብሪታንያ ሐኪም ነው። በዚያን ዘመን በለንደን ከተማ ባለ ሁለት ደርብ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰዎች አብረው ይሠሩ ነበር፤ አንደኛው ነጂ ነውና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ሁለተኛው ትኬት ቈራጭ ነውና ከታችኛው ደርብ ወደ ላይኛው ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ በአንድ የሥራ ቀንም ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይረግጣል። እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው በሞሪስ ጥናት፥ ኑሯቸው እጅግ ከሚቀራረበው ከእነዚህ ሁለት ወገኖች መካከል፥ የልብ ደም ሥር ደዌ በነጂዎቹ ላይ በዝቶ፥ በትኬት ቈራጮቹ ላይ ግን አንሶ፥ በያዛቸውም ጊዜ ቀለል ብሎና በዕድሜ ዘግይቶ ተገኘ። ምናልባት ከመጀመሪያውም ወፍራም የሆነው ሰው የነጂነትን ሥራ መርጦ እንደ ሆነስ? የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ ሞሪስ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ የወገብ ልክ እስከ መመርመር ደረሰ፤ ቀጭንም ቢሆን ወፍራም፥ ደረጃ የሚወጣው ሰው ከሚቀመጠው ይልቅ ተጠብቆ አገኘው። ደብዳቤ በእግርና በብስክሌት የሚያድሉትን የፖስታ ቤት ሰዎች ከወንበር ከማይነሡት ጸሐፊዎች ጋራ ባስተያየ ጊዜም ነገሩ ያው ሆነ። ሞሪስ ራሱ ያስተማረውን የኖረ ሰው ነበርና በ99 ዓመቱ፥ እ.ኤ.አ. በ2009 አረፈ። የእኛን አገር የታክሲ ረዳት፥ በየፌርማታው እየወረደና እየዘለለ ሲገባ ባየሁ ቍጥር፥ ጭሱንና የመንገዱን አደጋ ሳልረሳ፥ ይህን ጥናት አስታውሳለሁ።

የበላነው እንጀራና ዳቦ በሆድ ዕቃችን ደቅቆ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል፤ ይህን ስኳር ከደም ተቀብለው ከሚጠቀሙበት የአካል ክፍሎች ዋነኛው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሥራ በፈታ ጊዜ ትናንት የተቀበለውን ሳይጨርስ የዛሬው ይደርስበታልና መቀበሉን እያደር ይለግማል፤ ቆሽትም ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም እያበዛ በማመንጨት ሊያስገድደው ይሞክራል፤ ትርፉም ስብ ሆኖ በጉበትና በሆድ ዕቃ ዙሪያ ይከማቻል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ቆሽት ሲደክም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይገለጣል። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ግን የኢንሱሊን ትእዛዝ ሳያሻው ስኳሩን ከደም ወደ ራሱ ይስባል። እራት ከተበላ በኋላ ሶፋ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ለ15 ደቂቃ ያህል በግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማለት የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ወደ ማዕዱ ስንመለስ፥ በዚህ አገር ከተሠሩት የአመጋገብ ሥርዓቶች ሁሉ ታላቁ ጾም መሆኑ አይካድም። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው እንጂ ለወገብ ልክ አይደለም፤ ሁለቱን መቀላቀልም ለሃይማኖት ሰው ነውር መሆኑን አልስተውም። ነገር ግን ረቡዕንና ዓርብን፥ የዐቢይ ጾምን 55 ቀንና የፍልሰታን 15 ቀን፥ ሌሎቹንም አጽዋማት የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፥ ከቅቤና ከወተት ተለይቶ በጥራጥሬና በአትክልት ስለሚኖር፥ ሌላው ዓለም በብዙ ምክር የሚለማመደውን እርሱ ከሕፃንነቱ ለምዶታል። ታዲያ ጾመኛው ስለ ምን ይወፍራል? አንደኛ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየው ሆድ ያለፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያስከፍል ስለሚነሣ ነው፤ ሁለተኛ፥ ቅቤ የቀረበትን ድስት በዘይት ስለምናጥለቀልቀው ነው፤ ሦስተኛም በፋሲካ ሌሊት የሚሆነው አለ። የቀድሞ እናቶች ጾሙ ሲገደፍ አስቀድመው ተልባ በጥብጠው የሚሰጡት ሆድ እንዲለሰልስና ሥጋው በድንገት እንዳይወርድበት ነበር፤ ዛሬ ተልባው በብዙ ቤት ተረስቶ ዶሮ ወጡና ክትፎው በአንድነት ይወርዳል።

ስለ ዘይቱ ጥቂት ልዘግይ፤ ነገሩ ያለው በዚህ ላይ ነውና። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ያህል ካሎሪ ይይዛል። ለአንድ ሰው በሚደርሰው ወጥ ውስጥ አራት ማንኪያ ቢገባ 480 ይሆናል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብሎ ሲራመድ የሚያወጣው ደግሞ ከ250 እስከ 300 ያህል ነውና፥ የአንዲት ምሳ ዘይት ብቻውን በእግር ይከፈል ቢባል ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ምንም አይቀረው። እንግዲህ ክብደት በይበልጥ የሚቀነሰው ከድስቱ ነው፤ እርምጃው ዋጋው ለልብ፥ ለደም ግፊት፥ ለእንቅልፍና ለኅሊና ዕረፍት ነው፤ ይህን ሳይለዩ በመሮጥ ብቻ ሊከሱ የሚደክሙ ሰዎች ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲላቸው ሁሉንም እርግፍ አድርገው ይተዋሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ማንቆርቆር ይቅርና በማንኪያ ይሰፈር፤ ሽንኩርቱም በመጀመሪያ ያለ ዘይት፥ እንዳያርር ውሃ ጠብ እየተደረገበት በደንብ ይቁላላ፤ ዘይቱ ከቁሌቱ በኋላ ቢገባ ግማሹ ይበቃል፤ ባለሙያ ሴት ይህን ከማንም መጽሐፍ አትማረውም። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ለልብ ደም ሥር የማይስማማው ዓይነት ስለ ሆነ፥ አቅም እስከ ፈቀደ ድረስ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ቢለወጥ ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ለአንድ ሰው በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፥ ቢቻልም ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነውና፥ በሻዩና በማኪያቶው ሦስት ሦስት ማንኪያ እየጨመረ በቀን አራት ስኒ የሚጠጣ ሰው፥ ለስላሳ ሳይቀምስ፥ ኬክም ሳይነካ 48 ግራም ላይ ደርሷል። በአንድ ቀን ስኳሩን ጨርሶ መተው ከባድ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ የሚቀንስ ሰው ግን ምላሱ ሳያጕረመርም ከግቡ ይደርሳል። የጨውም ወሰን በቀን 5 ግራም፥ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሳለ፥ ወጡ ላይ እንደ ገና የሚጨምር ሰው ሁለት ጊዜ መጨመሩን አይቈጥረውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ፊት ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ ለሚቀመጥ ሰው የራሱን ድርሻ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በተለይም ባለቤቲቱ እንጀራውን ይዛ ቆማ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ስትል፥ ጕርሻውም እስከ አፍ ሲመጣ፥ ሐኪም የሰጠው ምክር ሁሉ ከየት ይገኛል? ጕርሻን መግፋት ፍቅርን መግፋት ነውና እንዲህ አድርግ ብዬ ልመክር አልደፍርም። ነገር ግን ልምድ ያለው እንግዳ ከመጀመሪያው ቀስ ብሎ ይበላል፤ እጁን ወደ ጎመኑና ወደ ምስሩ ያዘወትራል፤ ከፊቱ ያለው ሳያልቅም ጨዋታ ያመጣል፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ቤት ባዶ የሆነ የገበታ ጥግ ወዲያው የሚሞላ ነው። «ሐኪም ከልክሎኛል፥ እመቤቴ» የሚለው ቃልም ዛሬ በሁሉ ዘንድ ይከበራል፤ ስኳርና ግፊት የሌለበት ቤተ ዘመድ ጥቂት ነውና።

አሁን ወደ እግሩ እንሂድ። ለአዋቂ ሰው የሚበቃው ሥራ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚሆን ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ ይኸውም በአምስት ቀን ሲከፈል ለየቀኑ 30 ደቂቃ ይደርሳል። ፍጥነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም፤ እየተራመዱ መናገር ተችሎ መዝፈን ወይም መዘመር ሲያቅት መጠኑ ደኅና ነው። ወጣቶች ስለ ጂም ብዙ ይናገራሉ፤ ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ የቀረውን በእግር መጨረስ ግን ወርሐዊ ክፍያ አይጠየቅበትም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚባለው ቀን ከመኪና ነጻ በሚሆኑ አውራ ጐዳናዎች ላይ ሽማግሌውና ሕፃኑ አብረው ሲራመዱ ማየት ደስ ያሰኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ሊጨመር ይገባል፤ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ለጀማሪ ይበቃዋል።

በዚህ ላይ ዋናው ነገር ቀስ በቀስ መሆኑ ነው። በዓርብ ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ዓመቱን ሙሉ ጕልበቱን ያላጠፈው የከተማ ሰው ከጧት እስከ ማታ ሲሰግድ ይውላል፤ በቀዳም ሥዑርም ከአልጋው ሲነሣ ጭኑ አልታዘዝ ይለዋል፤ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይይዛል። በአጠገቡ የሰገዱት ባሕታዊ ግን፥ በዕድሜ የሚበልጡት ሲሆኑ፥ ስግደት የዘወትር ሥራቸው ስለ ሆነ ምንም አይሉም። ያልለመደ ጡንቻ በድንገት ሲጫኑት በውስጡ በረቂቅ ይሰነጠቃል፤ ሲያርፍ ደግሞ ጠግኖ ከቀድሞው ጠንክሮ ይነሣል፤ ስለዚህ ጭነቱ ሲጨምር ዕረፍቱም አብሮ መኖር አለበት። በኅዳር ለሚሮጠው ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ቲሸርቱን ገዝቶ ልምምዱን የሚረሳም ሰው እንዲሁ ነው። እስከ ዛሬ የተቀመጠ ሰው በቀን በ10 ደቂቃ ይጀምር፤ በየሳምንቱም አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምር፤ በአምስተኛው ሳምንት ሳይታወቀው 30 ላይ ይደርሳል።

የስኳር በሽታ ኖሮበት መርፌ ወይም ኪኒን የሚወስድ፥ ሽቅብ ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው፥ ወይም የደም ግፊቱ ከ140 በ90 የሚበልጥ ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒት እየወሰዱ መጾምም ሆነ ብዙ መራመድ የደም ስኳርን በድንገት ሊያወርድ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን የማይቆረቍር ጫማ ይምረጥ፤ ማታ ማታም የእግሩን መዳፍ ይመልከት፤ ስሜት የቀነሰ እግር ሲቈስል አይነግርምና።

ለውጡን ለመለካት አንድ ገመድ ይበቃል። ቁመትን በገመድ ለክቶ፥ በልኩ ቈርጦ፥ እኩል ለሁለት አጥፎ፥ በጧት ቍርስ ሳይበሉ በእምብርት ዙሪያ ማዞር ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙ የወገብ ልክ ከቁመት እኩሌታ አላለፈም ማለት ነውና መልካም ነው፤ ካልተገናኙ የጐደለውን በጣት ለክቶ ከነቀኑ መጻፍ ይገባል። ሚዛን ላይ በየጧቱ መውጣት ግን አያስፈልግም፤ የሥጋ ክብደት በውሃና በጨው ምክንያት ከቀን ወደ ቀን ከፍ ዝቅ ስለሚል ሰውን በከንቱ ያስደስታል፥ በከንቱም ያሳዝናል። በወር አንድ ጊዜ፥ በዚያው ገመድ፥ በዚያው ሰዓት ይለካ፤ ሆድን ወደ ውስጥ ሳይስቡ፤ ገመዱም ላስቲክ አለመሆኑን አስቀድሞ መርምሮ።