«ሴፍቲኔት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቆቦ፦ በራያ ቆላ «ሴፍቲኔት» የሚለውን ቃል ያልሰማ አርሶ አደር ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ቃሉ ለአንዱ የእርከን ሥራ፣ ለሌላው ክፍያ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ምጽዋት ይመስለዋል።

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ «ሴፍቲ» ደኅንነት፣ «ኔት» መረብ ማለት ነው። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ቢወድቅ እንዲይዘው ከበታቹ የሚዘረጋ መረብ ስም ነው። በአሜሪካ የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ እንዲህ ያለ መረብ የ19 ሠራተኞችን ሕይወት አትርፏል። እ.ኤ.አ. በ1937 ግን ከባድ የሥራ መወጣጫ ወድቆ መረቡን በመቅደዱ 10 ሠራተኞች ሞተዋል። መረብ የሚጠቅመው ከመውደቅ በፊት ሲዘረጋና ክብደቱን መሸከም ሲችል ብቻ ነው።

ቃሉ ወደ ኑሮ የተሻገረውም በዚሁ ትርጉም ነው። ዝናብ ቀርቶ ማሽላው ሲከስም ገበሬው እህል ለመግዛት በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ሰው የሚቀጥለው ክረምት ቢሰምርለት እንኳ የሚያርስበት የለውም። የመረቡ ተግባር ቤተሰቡ ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ጊዜ እንዲሻገር ማድረግ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ችግሩ ከደረሰ በኋላ ይመጣል፤ ሴፍቲኔት ግን አስቀድሞ የሚታወቅ ድጋፍ ነው።

በኢትዮጵያ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም የተጀመረውም በየዓመቱ ከሚደረገው የእርዳታ ጥሪ ለመላቀቅ ነበር። «ልማታዊ» የተባለው መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች በአፈርና ውኃ ጥበቃ፣ በመንገድና በመሳሰሉት የማኅበረሰብ ሥራዎች ስለሚሳተፉ ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ማሳ እንዳያጥብ ተዳፋቱን በእርከን ማሰር ለቆቦ ሜዳ ራሱን የቻለ ጥበቃ ነው።

ሥራ ግን ለሁሉም ግዴታ አይደለም። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ በቀጥታ ይደገፋሉ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከሥራ ነፃ ሆነው ድጋፉን ያገኛሉ። ቃሉን «የቀን ሥራ» ብቻ አድርጎ የተረዳ ሰው ይህ መብት ሊያመልጠው ይችላል። በምልመላው ወይም በክፍያው ቅር የተሰኘም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል።

ፕሮግራሙ የገጠር ብቻ አይደለም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። በገጠርም ሆነ በከተማ ትርጉሙ አንድ ነው፤ የወደቀ ሰው መሬት ሳይነካ እንዲነሣ።