ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ቫልቭ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የቤቱ ዋና መዝጊያ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ውሃው በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ቫልቭ መዝጋት ትርፍ ሥራ ይመስላል። ችግሩ የሚታወቀው ሌሊት ውሃው ሲለቀቅ ነው። ቀን መጥቶ እንደሆነ ለማየት የተከፈተ ሮቢኔት እንደተከፈተ ያድራል፤ ወይም ያረጀ መገጣጠሚያ ድንገት በመጣው ግፊት ይፈታና ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። አባወራው ባትሪ ይዞ ወደ ቆጣሪው ሲሮጥ፣ ከተገጠመ ጀምሮ ማንም ያልነካው ቫልቭ ንቅንቅ አልል ይለዋል።

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ነገሩን የሚያከብደው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ቦታ ተቆርቁራለች። ከማጠራቀሚያ ጋን በስበት በሚወርድ መስመር ላይ ቤቱ በ10 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። ከጋኑ 40 ሜትር ዝቅ ብሎ የተሠራ ቤት፣ ውሃው ቆሞ ሳለ፣ እስከ 4 ባር ይደርሰዋል። በ3 ሜትር ማማ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው ግን 0.3 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ በሮቶ ውሃ ተሞክሮ «ደህና ነው» የተባለ ቫልቭ የመንገዱ መስመር ሲለቀቅ ቢያፈስ አይገርምም።

በአሮጌ ቤቶች የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ክብ እጀታ ያለው ጌት ቫልቭ ነው። እጀታው ደጋግሞ ሲዞር በውስጡ ያለው የብረት ምላስ ወርዶ መንገዱን ይዘጋል። ውሃ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ግን ዝቃጭና ከጋልቫናይዝድ ቧንቧ የተላቀቀ ዝገት ይዞ ይመጣል። ይህ ምላሱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይጋገራል። ቫልቩ ሲዘጋ ያፈሳል፤ በኃይል ሲጠመዘዝ ደግሞ ዘንጉ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ መክፈትም መዝጋትም የለም።

ለቤት የሚሻለው ቦል ቫልቭ ነው። በውስጡ መሐሏ የተበሳ ኳስ አለች፤ በሩብ ዙር ትዘጋለች። እጀታው በቧንቧው ርዝመት ከዋለ ክፍት፣ ከተጋደመ ዝግ መሆኑን ልጅም ከሩቅ ያውቀዋል። ግማሽ ከፍቶ መተው ግን አይገባም፤ ኳሷን የከበበውን የቴፍሎን ቀለበት ውሃው ይበላዋል። በየጊዜው፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ሰሞን፣ ዘግቶ መክፈት እንዳትነክስ ያደርጋታል።

የአሮጌው ቫልቭ ቅየራ የሚጀምረው ከመፍቻ በፊት ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለው መዝጊያ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ስለሆነ የሚያስዘጋው እሱ ነው። ብዙ ሰው ፈረቃው ያልደረሰበትን ቀን መርጦ ያሠራል። ይህ ብቻውን አያስተማምንም፤ ቧንቧው ተፈትቶ ሳለ ውሃው ከች ሊል ይችላል። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ዝቅ ካለው ሮቢኔት ውሃውን ማንጠፍጠፍ፣ ከዚያም በሁለት መፍቻ መሥራት ያስፈልጋል፤ አንዱ ቧንቧውን ይይዛል፣ ሌላው ቫልቩን ያዞራል። በአንድ መፍቻ ብቻ የሚታገል ሰው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ዝገት የበላው ጥርስ ይሰብራል፤ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ግድግዳ ወደ ማፍረስ ይሄዳል። የቴፍሎን ጥብጣቡ ከጥርሱ ጫፍ ፊት ለፊት ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲጠብቅ ይገለባል።

የፒፒአር ፕላስቲክ ቧንቧ ከሆነ የሚጣበቀው በሙቀት ነው። የማጣበቂያ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ 5 ሰከንድ ያህል ይሞቃል። ጫፉ ላይ ጠብታ ውሃ ካለ ግን አይያያዝም።

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጉና ሥር ባለችው ገሳይ፣ ውርጩም ይታሰባል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከግድግዳ ውጭ የተጋለጠ ቫልቭን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቆጣሪውና ቫልቩ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ቢሆኑ፣ የተጋለጠው ቧንቧም ቢሸፈን ይሻላል።

በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ቤት ግን አንድ ዋና ቫልቭ አይበቃም። የአንዱ ሽንት ቤት ሲያፈስ ግቢው ሁሉ ይዘጋል፤ በፈረቃ የመጣችው ውሃ ጀሪካን ሳይሞላ ታልፋለች። ለየክፍሉ መስመር የየራሱ የግማሽ ኢንች ቦል ቫልቭ ቢገባለት የሚፈሰው ለብቻው ተዘግቶ ሌላው ይቀዳል። አከራይ ግድግዳ ሳይለስን ቢያስበው ወጪው ትንሽ ነው።