ካምፓላ፦ ካሜራው ያየውን ማን ይጠይቃል?

ካምፓላ ውስጥ «ድሮን» ሲባል ሰው ወደ ሰማይ አያንጋጥጥም። ድሮን ማለት ታርጋ የሌለው ቶዮታ ሃያስ ነው። በጥር 2013 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን የተቃዋሚ ደጋፊዎች በእነዚህ መኪኖች እየታፈኑ ይወሰዱ ነበር፤ ቤተሰብ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ሲንከራተት ይሰነብታል። ከተማዋ ግን ያኔም በሺዎች የሚቆጠሩ የፖሊስ ካሜራዎች ነበሯት። ታዲያ ካሜራው ሃያሱን አላየውም ወይስ አይቶ ዝም አለ? ኡጋንዳውያን በመንግሥት ክትትል ላይ የሚያነሱት ሙግት ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል።

የነገሩ መነሻ ሐዘን ነው። መጋቢት 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ከፍተኛው የፖሊስ መኮንን አንድሪው ፌሊክስ ካዌሲ ኩላምቢሮ ከሚገኘው ቤታቸው አቅራቢያ ከጠባቂያቸውና ከሾፌራቸው ጋር በጥይት ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ወዲያው በከተሞችና በአውራ ጎዳናዎች ካሜራ ይተከል አሉ። በሰኔ 2010 የፓርላማ አባሉ ኢብራሂም አቢሪጋ በተመሳሳይ ሁኔታ ሲገደሉ ጥድፊያው ባሰ። ሥራውን የቻይናው ሁዋዌ ያዘ። ነሐሴ 2011 ላይ ፖሊስ ካሜራዎቹ ፊት መለየት እንደሚችሉ፣ ወጪውም 126 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ገለጸ።

ፊት መለየት ማለት ሶፍትዌሩ የዓይንን፣ የአፍንጫንና የአገጭን ቅርጽ ወደ ቁጥር ለውጦ ከተያዘ የስም ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነው። ይሳሳታልም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2012 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የአፍሪካውያንን ፊት ከነጮች ፊት በበለጠ ከሌላ ሰው ጋር ያምታታሉ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እንዲሉ፣ ጥርጣሬው ቶሎ መጣ። በዚያው ነሐሴ ዎል ስትሪት ጆርናል የሁዋዌ ባለሙያዎች የጸጥታ ሰዎች የተቃዋሚ መሪውን የቦቢ ዋይንን መልእክት እንዲጠልፉ ረድተዋል ብሎ ጻፈ። ኩባንያው አስተባበለ። ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ቦቢ ዋይን ሲታሰር በተነሳው ሁከት ቢያንስ 54 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ ተጠርጣሪዎችን በካሜራው እየታገዘ እንዳደነ ተናገረ። ድንጋይ ወርዋሪው ከታየ ተኳሹስ?

ይህ ማለት ከተሜው ካሜራ አይፈልግም ማለት አይደለም። ግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጄኔራል ካቱምባ ዋማላ በሞተር ብስክሌት በተከታተሏቸው ታጣቂዎች ቆስለው ልጃቸውና ሾፌራቸው ሲገደሉ፣ ሁሉም መጀመሪያ የጠየቀው የካሜራ ምስል ነበር።

ሕግም አለ። የ2011ዱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ያለ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብን ይከለክላል፤ ለብሔራዊ ደኅንነትና ለወንጀል ምርመራ ግን በሩን ክፍት ይተዋል። ተቆጣጣሪው ቢሮም ራሱ በመንግሥት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው።

በሰኔ 2017 የሆነው ነገር ሌላ መልክ ያሳያል። በካሜራ የሚቆረጥ የፍጥነት ቅጣት ሥራ ሲጀምር አሽከርካሪው ተንጫጫ፤ ቀናት ሳይቆይም ታገደ። እገዳውን ያሳወቁት የሥራና ትራንስፖርት ሚኒስትሩ፣ ያው ካቱምባ ዋማላ ናቸው። ቅጣቱ ቦታና ሰዓት ጠቅሶ ስለሚመጣ ሹፌሩ የሚከራከርበት ነገር ነበረው። በሃያስ የተወሰደ ሰው ቤተሰብ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አይደርሰውም።

አዲስ አበባም የኮሪደር መንገዶቿን በካሜራ እየሞላች ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የካምፓላ ሰው ቢጠየቅ ምክሩ አጭር ነው፦ ካሜራውን ከመቁጠራችሁ በፊት አቤት የምትሉበትን ደጅ እወቁ።