ምፀት ከሰምና ወርቅ የሚለይበት መንገድ

በእንግሊዝኛ ድርሰት የሚገኘውን ምፀት አንዳንድ ተማሪ ከሰምና ወርቅ ጋር አንድ አድርጎ ይመለከተዋል። ሁለቱም የተሰወረ ምሥጢር ስላላቸው መመሳሰላቸው አይካድም፤ ነገር ግን የሚፈቱበት መንገድ የተለያየ ነው። በሰምና ወርቅ ምሥጢሩ ያለው ሁለት ፍቺ ባለው ኅብረ ቃል ላይ ነው። በምፀት ግን ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ የሚሰወረው የጸሐፊው አሳብ ነው።

ለምሳሌ ጆናታን ስዊፍት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1729 ዓ. ም. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፥ የአየርላንድ ድኾች ልጆቻቸውን በአንድ ዓመታቸው ለባለጸጎች ማዕድ እንዲሸጡ የሚመክር ሰው ያናግራል። ሰውየውም ረጋ ብሎ 100,000 ሕፃናት ለሽያጭ እንደሚቀርቡ ያሰላል። እዚህ ላይ ኅብረ ቃል የሚፈልግ አንባቢ ምንም ስለማያገኝ ስዊፍትን ጨካኝ ይለዋል። ቁልፉ ግን በተናጋሪው እርጋታና በነገሩ አስከፊነት መካከል ያለው ርቀት ነው። ደግሞም ተናጋሪው በመጨረሻ ገደማ ንቆ ከሚጥላቸው መፍትሔዎች አንዱ፥ ይኸውም በአገር ውስጥ የተሠራ ልብስ ብቻ መልበስ፥ ስዊፍት ራሱ በ1720 ዓ. ም. የመከረው ነው።

ስለዚህ አንባቢ «ቃሉ ሌላ ምን ፍቺ አለው?» ከማለቱ በፊት «ይህን የሚናገረው ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።