እናት ወይም አባትዎ በአረጋውያን ማዕከል ሲኖሩ፦ ደህንነታቸውን እንዴት ይከታተላሉ?

ባሕር ዳር በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት የ78 ዓመት እናት ትኩሳት ይዟቸው መጡ። ፊታቸው ታጥቧል፣ ነጠላቸው ንጹሕ ነው። ከሚኖሩበት ማዕከል ያመጣቸው ሠራተኛ "ትንሽ ደከም ብሏቸው ነው" አለን። አገላብጠን ስናያቸው ግን ከወገባቸው በታች ባለው አጥንት ላይ እስከ ሥጋው የዘለቀ ቁስል ነበር። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው በየወሩ ገንዘብ ትልካለች፣ በየሳምንቱም ትደውላለች። የሚነገራት ሁልጊዜ "ደህና ናቸው" የሚል ነበር። ቁስሉ የአንድ ቀን አልነበረም፤ ልብሳቸውን ገልጦ ያየ ሰው ግን አልነበረም። ለመዳን ወራት ፈጀባቸው።

ይህ ጽሑፍ ወላጅዎ በማዕከል ሲኖሩ ምን ማየት፣ ምን መጠየቅና ለማን ማመልከት እንዳለብዎ ያስረዳል። ወላጅዎ በቤታቸው በተቀጣሪ ሠራተኛ የሚጠበቁ ከሆነም ምክሩ ያገለግልዎታል።

ሁኔታው በአካባቢያችን

በአገራችን አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በቤቱ፣ በልጆቹና በዘመዶቹ ነው። በጣና ዙሪያ ጧሪ ያጡ ወይም የመነኮሱ አረጋውያን በቤተ ክርስቲያንና በገዳም አጠገብ መጠለላቸውም የቆየ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማዕከላት ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ተቀብለው ይንከባከባሉ።

ወላጅን ወደ ማዕከል ማስገባት ብዙዎቻችንን ያሳፍራል። "እናቱን ጣለ" መባልን የፈራ ሰው ወሬው እንዳይሰማ ሲል ጉብኝቱን ያሳንሳል ወይም ጭራሽ ይተወዋል። ትልቁ አደጋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማስገባቱ በራሱ በደል አይደለም፤ አስገብቶ አለማየት ግን አረጋዊውን ያለ ጠባቂ ያስቀራል።

ዋና ዋና አደጋዎች ምንድን ናቸው?

• የመኝታ ቁስል፦ ለረጅም ሰዓት በአንድ ጎን የተኛ ወይም የተቀመጠ ሰው አጥንቱ በሚጫነው ቦታ ላይ ደም በደንብ ስለማይዘዋወር ቆዳው ይጎዳል። ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ሰዎችን ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደ አሠራር ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ከአካባቢው ይበልጥ የጠቆረ፣ የሞቀ፣ ያበጠ ወይም የጠነከረ ቦታ ይፈልጉ።

• መውደቅ፦ የሚያንሸራትት ወለል፣ ጨለማ ኮሪደር፣ መያዣ የሌለው መጸዳጃ ቤትና ከፍ ያለ አልጋ ዋና መንስኤዎች ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከመኝታቸው በድንገት ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል። ከወደቁ በኋላ መቆም አለመቻል ወይም የአንድ እግር ማጠር የዳሌ አጥንት ስብራት ምልክት ሊሆን ይችላል።

• የመድኃኒት ስህተት፦ ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን ወስደው ምግብ ካልበሉ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በዐቢይ ጾም የሚጾሙ ከሆነ አስቀድመው ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ። "እንዳያስቸግሩ" ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ማስተኛ መድኃኒትም አደገኛ ነው።

• የምግብና የውሃ እጥረት፦ አረጋውያን ጥማት በደንብ አይሰማቸውም። በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ውሃ ሳይጠይቁ ሊቀርብላቸው ይገባል። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ መቀነስ፣ ለምሳሌ ከ50 ኪሎ 2 ኪሎ ተኩል፣ ምርመራ ይፈልጋል።

• ተላላፊ በሽታና ጭስ፦ ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል እከክ፣ ጉንፋንና የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይዛመታሉ። የጣና ዳርቻ ወባማ ስለሆነ እያንዳንዱ አልጋ አጎበር ሊኖረው ይገባል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ደግሞ ሰው ተኝቶ ሳለ ሊገድል ይችላል።

• በደል፦ የዓለም ጤና ድርጅት ባጠናቀራቸው የተለያዩ አገሮች ጥናቶች፣ በአረጋውያን ተቋማት ከሚሠሩ 3 ሠራተኞች 2ቱ ባለፈው አንድ ዓመት በአረጋዊ ላይ በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። በደል ድብደባ ብቻ አይደለም። መስደብ፣ ማሰር፣ ገንዘብ መውሰድና በሽንት እንደ ራሱ መተውም በደል ነው።

ከማስገባትዎ በፊት ምን ይጠይቁ?

• ወላጅዎ ራሳቸው ተስማምተዋል?
• ማዕከሉ ፈቃድ አለው? ሰነዱን ማየት ይችላሉ?
• ሌሊት ስንት ሠራተኛ ለስንት አረጋዊ ያድራል?
• መድኃኒት የሚሰጠው ማን ነው? የተሰጠበት ሰዓትስ ይመዘገባል?
• ሌሊት ቢታመሙ በምን መኪና፣ ወደ የትኛው ሆስፒታል ይወሰዳሉ?
• ቤተሰብ በማንኛውም ሰዓት መግባት ይችላል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። "በቀጠሮ ብቻ" የሚል ማዕከል ምክንያቱን በግልጽ ሊያስረዳዎት ይገባል።

ሲጎበኙ ምን ይመልከቱ?

ቀንና ሰዓት እየለዋወጡ ይሂዱ፤ አንዳንዴ በምሳ ሰዓት፣ አንዳንዴም አመሻሽ ላይ። ወላጅዎ ከፈቀዱ ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውንና ከወገባቸው በታች ያለውን ቆዳ ይመልከቱ። አፋቸው ደርቋል? ጥፍራቸው ተቆርጧል? ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል? ሠራተኛ ሲገባ ዝም ይላሉ ወይም ይደነግጣሉ? ለብቻችሁ ሆናችሁም አነጋግሯቸው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ቅሬታ ሲያሰማ "ዘባርቀው ነው" ብለው አይለፉት።

በክልላችን ባለፉት ዓመታት እንደታየው መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ መጎብኘት ይከብዳል። ሩቅ ከሆኑ በከተማው ያለ ዘመድ፣ የእድር ሰው ወይም የድሮ ጎረቤት ወክለው በየሳምንቱ እንዲያይልዎ ያድርጉ። ሲደውሉም "ደህና ናቸው?" ብቻ አይበሉ። "ዛሬ ምን በሉ? ክብደታቸው ስንት ነው? ጀርባቸውን ዛሬ ማን አየው?" ብለው ይጠይቁ።

ተቆጣጣሪው ማን ነው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችውና እ.ኤ.አ. በ2024 በሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም በማዕከል የሚኖሩ አረጋውያን አገራዊ ዝቅተኛ መስፈርትን የሚያሟላ እንክብካቤ እንዲያገኙ ይጠይቃል።

ችግር ካዩ በመጀመሪያ ለማዕከሉ ኃላፊ ይንገሩ፤ ቀኑንና የተሰጠዎትን መልስም ይጻፉ። ካልተስተካከለ ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተቋቋመው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የአረጋውያንን መብት ይከታተላል፤ ባሕር ዳርም ጽሕፈት ቤት አለው። ድብደባ ወይም ስርቆት ከሆነ በቀጥታ ለፖሊስ ያመልክቱ። ጉዳቱ ሳይድን ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መመዝገቡ ለማስረጃ ይጠቅማል።

በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መውሰድ የሚገባው መቼ ነው?

• በድንገት ግራ ሲጋቡ ወይም መንቃት ሲያቅታቸው (በአረጋውያን ላይ ወባና ሌሎች ኢንፌክሽኖች ያለ ከፍተኛ ትኩሳት በዚህ መልክ ሊታዩ ይችላሉ)
• ወድቀው መቆም ሲያቅታቸው ወይም ጭንቅላታቸው ሲመታ
• ቁስላቸው ሲጠቁር፣ ሲሸት ወይም ትኩሳት ሲኖራቸው
• መተንፈስ ሲቸግራቸው
• ቀኑን ሙሉ ሽንት ሳይሸኑ ሲውሉ

መልካም ማዕከል የቤተሰብ ጥያቄ አያስቆጣውም፤ ሸክሙን የሚጋራው ሰው አግኝቷልና። በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ሙዝና ብርቱካን ብቻ አድርሰው አይመለሱ፤ አጠገባቸው ቁጭ ይበሉ፣ ካልሲያቸውንም አውልቀው ተረከዛቸውን ይመልከቱ።