ስክሪን ቋንቋ የሚያስተምረው መቼ ነው?

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ መተሐራ የተጓዘ ሰው ሁሉ ወለንጪቲን ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የዚህች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ስም ስለ ቴክኖሎጂ በሚጽፉ የውጭ መጽሔቶች ላይ ተነሥቶ ነበር። ያነሣው ደግሞ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሁለት የገጠር መንደሮችን መረጠ፤ አንደኛውን በወለንጪቲ፣ ሁለተኛውን በወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ። በእያንዳንዳቸው ዕድሜያቸው ለአንደኛ ክፍል ለደረሰ 20 ያህል ልጆች ታብሌት ተሰጠ። በታብሌቶቹ ውስጥ የእንግሊዝኛ የፊደል ጨዋታ፣ ዘፈን፣ ፊልምና የልጆች መጽሐፍ ተጭኗል። ቻርጅ የሚደረጉት በፀሐይ ኃይል ሲሆን አጠቃቀሙን አስቀድመው የተማሩት የመንደሩ አዋቂዎች ናቸው። ለልጆቹ ግን መምህርም ሆነ ገለጻ አልነበረም። ካርቶኑ እንደታሸገ ተሰጣቸው።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በአንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ዘገባ ብዙዎችን አስደንቋል። እንደ እሳቸው አነጋገር አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 መተግበሪያዎችን ይከፍት ጀመር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን በመንደሩ ተሰማ። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። ከልጆቹ አንዱ በእንስሳት ሥዕል ሲጫወት ከቆየ በኋላ የመሳያ ፕሮግራም ከፍቶ «አንበሳ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፈ።

ይህን የተናገሩት የፕሮጀክቱ ባለቤት ስለሆኑ ቁጥሮቹን በዚያው ልክ መቀበል ይገባል። ያም ሆኖ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ ሥራው በኢንተርኔት አልተካሄደም። ባለሙያዎች በየሳምንቱ መንደሩ ድረስ እየሄዱ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይቀይሩ፣ ልጆቹ በሳምንቱ ውስጥ ምን እንደነኩ ከካርዱ ያነቡ ነበር። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ያገኙት ፊደልና ቃል እንጂ ንግግር አይደለም። ታብሌቱ ጣታቸው ለነካው ሁሉ ወዲያው መልስ ይሰጣል፤ ሲናገሩ ግን አይሰማቸውም። የተማሩትና ያልተማሩት ነገር የተለየውም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ማሽኑ በመለሰላቸው ተማሩ፣ ባልመለሰላቸው አልተማሩም።

ይህን በደንብ ለመረዳት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቀደም ሲል የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በሻሸመኔና በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ። በኦሮሚያ አብዛኛው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ 9ኛ ሲደርስ ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። ልክ እዚያ መሻገሪያ ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው፣ በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት ተቀበለው። መምህሩ መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያገኛል፤ የቀረው ሰዓት የስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፋል። ኋላ ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ጥያቄውን በሐሳቧ ወደ ኦሮምኛ መልሳ ሳትጨርስ መልሱ ተነግሮ አልቋል። እጇን ብታወጣ ስክሪኑ አያያትም። ስርጭቱ ለመላ አገሪቱ አንድ ስለሆነ መምህሩ «ቆይ» ሊለው አይችልም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። ከዚያ ክፍል የወጡ ብዙዎች እንግሊዝኛን በመስማት እንጂ በመናገር እንዳላዳበሩት ዛሬም ይናገራሉ፤ እኔም ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ።

የፕላዝማ ስክሪን ራሱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን ሲፈለስፉት ዓላማቸው ለቴሌቪዥን አልነበረም፤ ፕላቶ ለተባለ የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ነው። ፕላቶ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረ ሲሆን ኋላ ሩሲያኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ላቲንና ሌሎች ቋንቋዎችም ተሰጥተውበታል። ተማሪው ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ማሽኑ የተሳሳተውን ቃል ለይቶ ያሳየዋል፤ ተማሪው አርሞ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ፕላቶ 4 ስክሪኑ በጣት ሲነካ ይረዳ ነበር። ወደ እኛ ክፍሎች ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣው ይኸው ስክሪን ነው፤ መጠበቁና መመለሱ ግን አብረውት አልመጡም።

መመለስ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ቻይንኛ አሰሙ። አንዱ ቡድን ቻይንኛ ተናጋሪ አጠገቡ ተቀምጦ እያጫወተው ለ12 ጊዜ ያህል ሰማ። ሌላው ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን አየ። በኋላ ሲፈተኑ፣ በአካል የሰሙት የቻይንኛን ድምፆች ታይዋን ውስጥ ካደጉ ሕፃናት እኩል ለዩ። በቴሌቪዥን ያዩት ግን ቻይንኛ ሰምተው ከማያውቁት አልተሻሉም።

ታዲያ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 ሣራ ሮዝቤሪ፣ ካቲ ሐርሽ-ፓሴክና ሮቤርታ ጎሊንኮፍ ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ያሉ ልጆች አዳዲስ ቃላት እንዲማሩ ተደረገ፤ አንዳንዶቹ በአካል፣ አንዳንዶቹ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ፣ ሌሎቹ በተቀዳ ቪዲዮ። በቪዲዮ ጥሪ የተማሩት በአካል ከተማሩት እኩል ያዙ፤ የተቀዳውን ያዩት አልያዙም። ስክሪኑ ያው ስክሪን ነው። ልዩነቱ በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ልጁ ሲናገር ሰምቶ፣ ተራውን ጠብቆ መመለሱ ነው። እርግጥ የ15 ዓመት ተማሪ ሕፃን አይደለም፤ ከፊልምና ከዩቲዩብም ቃል ይለቅማል። የለቀመውን ቃል ግን ሰው ጠይቆት ካልተናገረበት አፉ ላይ አይደርስም።

መመለስ ለማስታወስም ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች ሁለት ጽሑፎችን አነበቡ። አንዱን ደግመው አነበቡት፤ የሌላውን ወረቀት አስቀምጠው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 በመቶውን አስታወሱ። ዛሬ በስልክ ላይ ያሉት የቃላት መለማመጃዎች በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው። ቃሉን ሳያሳዩህ ይጠይቁሃል፤ ከመለስክ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ካልመለስክ ነገውኑ ያመጡልሃል። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ በኮምፒዩተርና በአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። በባቱ የአበባ እርሻ ወይም በቢሾፍቱ ሪዞርት የሚሠራ ሰው የሥራውን ቃላት ራሱ ጽፎ ሊያስገባበት ይችላል።

በእነዚህ ከተሞች ያለ ተማሪ አንድ የተለየ ችግር አለበት፤ ይህን የውጭ ሶፍትዌር ሠሪዎች ያሰቡበት አይመስለኝም። ልጁ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ኦሮምኛን በቁቤ ስለሚያነብ የላቲን ፊደላትን በሚገባ ያውቃቸዋል። የሚያውቃቸው ግን በሌላ ድምፅ ነው። በቁቤ ኤክስ የሚባለው ፊደል «ጥ» ነው፣ ሲ ደግሞ «ጭ»። «ኤ» የሚነበበው ፊደል ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ረዘም ያለ «ኤ» ይሆናል። ስለዚህ ልጁ «ማየት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲያገኝ ቀጥታ «ሴ» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ እንግሊዙ ግን «ሲ» ይለዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ያወቀውን ሥርዓት በትክክል መጠቀሙ ነው። የሚፈልገውም ከፊደል መጀመር ሳይሆን የትኛው ፊደል ድምፁን ወደ ምን እንደሚለውጥ የሚነግረው ልምምድ ነው። በሌላ በኩል ይህ ልጅ ያለው ጥቅምም አለ። ኦሮምኛ አጭርና ረዥም አናባቢን ስለሚለይ፣ «መርከብ» እና «በግ» የሚባሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ለመለየት ጆሮው ከአማርኛ ተናጋሪው ቀድሞ የሠለጠነ ነው። ለእሱ የሚዘጋጅ ፕሮግራም ይህን አውቆ መጀመር ነበረበት።

የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያው ዱኦሊንጎ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ለብዙ አገሮች ተማሪዎች በየቋንቋቸው እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምርበት ኮርስ ግን አላዘጋጀም። ጉግል ትርጉም አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን በ2022 ጨምሯል። ስለዚህ የአርሲ ነገሌ ተማሪ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንግሊዝኛን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ገና ያልያዘውን ቋንቋ መማሪያ አድርጎ።

ንግግር የሚሰሙ ፕሮግራሞችስ? ኮምፒዩተሩ የተናገርከውን ድምፅ በሰከንድ ወደ 100 ገደማ ቁርጥራጭ ይከፍለዋል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የትኛው የድምፅ ሞገድ እንደበረታ ይለካል፤ ከዚያ ይህ ቁራጭ ይጠበቅ የነበረው ድምፅ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ያሰላል። ዕድሉ ዝቅ ሲል «ደግመህ በል» ይልሃል። ስሌቱ የተሠራው ግን ቀድሞ በሰማቸው ሰዎች ድምፅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የ5 ትላልቅ ኩባንያዎችን ንግግር ጸሐፊ ሲፈትሽ ከነጭ አሜሪካውያን ንግግር 19 በመቶውን፣ ከጥቁር አሜሪካውያን 35 በመቶውን ቃላት እንደሚስት አገኘ። እዚያው ተወልዶ ያደገ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንዲህ ከተሳተበት፣ አዳማ ውስጥ እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ማሽኑ «ተሳስተሃል» ባለው ቁጥር ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ሰው ይረዳኛል ወይ ብሎ ሰውን ይጠይቅ።

የሚፈለገው ቋንቋም እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ፣ የጅቡቲው ባቡርና የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተሠሩት በቻይና ኩባንያዎች ነው፤ ቻይንኛ የሚችል ቴክኒሻንም አስተርጓሚም ይፈለጋል። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ወጣቶች ዓረብኛ ይሻሉ። ለቻይንኛ በተለይ ኮምፒዩተር መምህር የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል። በቻይንኛ «ማ» የሚለው ድምፅ እንደ አወጣጡና እንደ አወራረዱ እናት ወይም ፈረስ ሊሆን ይችላል። ፕራት የሚባለው፣ በአምስተርዳም የተሠራው ነጻ ፕሮግራም የድምፅህን መውጣትና መውረድ በመስመር ሥሎ ያሳይሃል። የመምህሩን መስመር ከላይ፣ የራስህን ከታች አድርገህ ልዩነቱን በዓይንህ ታያለህ፤ ጆሮ ገና ሳይለምድ ዓይን ቀድሞ ይረዳል።

አሁን ደግሞ የሚያወያዩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በናይጄሪያ ኤዶ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል ሰዓት ውጭ ለ6 ሳምንታት በዚህ ዓይነት ፕሮግራም እንግሊዝኛ ተለማመዱ፤ የዓለም ባንክ ጥናት ካልተሳተፉት በግልጽ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። እዚያ ግን ክፍሉ ውስጥ መምህራን ነበሩ፤ ምን እንደሚጠየቅ የሚያሳዩ፣ የተሳሳተውን የሚያርሙ። የወለንጪቲው ሙከራ መምህርን ትቶ የጀመረው ሥራ ፊደልና ቃል ላይ ቆሟል፤ የኤዶው መምህርን ይዞ የተሻለ ውጤት አምጥቷል። ከሁለቱ የቱን እንደምመርጥ አልጠራጠርም።

ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላላችሁ ርዕሳነ መምህራንና የእንግሊዝኛ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ የሚውል የኮምፒዩተር ክፍል ካላችሁ ክፈቱት። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ፋይል በፍላሽ ይመጣል። በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ተማሪ አስቀምጡ፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልስ። ማታ ደግሞ ዳታ ያለው ተማሪ በቴሌግራም የአንድ ደቂቃ ቮይስ ይላክ፣ መምህሩም በድምፁ ይመልስለት። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በሳምንት አንዴም ያልተናገረ ልጅ በዚህ መንገድ በየሳምንቱ ሊናገርና ሊሰማ ይችላል።